ፍቅረሥላሴ አረንጓዴ የቀባው ዳገት

ፍቅረሥላሴ ሰበታ ባለው መሥሪያ ቤታችን የካርታ ባለሙያ ነው። ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ስለሆነ ጠባዩን አውቀዋለሁ፤ አንዲት መስመር ከተንሻፈፈችበት ምሳውን ይረሳል፣ እኛንም ያስርበናል። ከከተማው በላይ ያለው ጥብቅ ደን የትኛው ጎኑ ለእሳት እንደሚጋለጥ ካርታ ሥራ ሲባል፣ የዳገቱን ቁልቁለት፣ የሣሩን ድርቀት፣ የንፋሱን አቅጣጫ፣ ሰው እሳት የሚያነድበትን ቦታ ሁሉ በእግሩ እየዞረ መዘገበ። አደገኛውን ቀይ፣ ደህናውን አረንጓዴ ቀባ።

አንድ ዳገት ላይ ግን እጁ አልታዘዘውም። እዚያ ጸበል አለ። ከዓለም ገናም ከቡራዩም የሚመጣው ስለተኛ፣ ከጸበሉ አጠገብ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ጧፍ ያበራና እየነደደ ትቶት ይሄዳል። ፍቅረሥላሴም እናቱ እዚያ ተጠምቀው ከዳኑ ወዲህ በየዓመቱ ያበራል። ለእግዚአብሔር የበራውን ጧፍ አደጋ ብሎ መጻፍ ድፍረት መሰለው። ዳገቱ አረንጓዴ ሆነ።

ንብ አናቢዋ አዴ ገለቴ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተዳደሩት በማር ነው። ቀፎዎቻቸው የተሰቀሉት ቀይ በተቀባው በኩል ነበር፤ ማር ሲቆረጥ ጭስ አይቀርምና ተነሱ ተባሉ። መርዶውን የነገራቸው ራሱ ፍቅረሥላሴ ነው። "ወደ ጸበሉ በኩል ይስቀሉ፣ አዴ። እዚያ ስጋት የለም" አላቸው። መረቁት፤ ቀፎዎቹንም አጋዙ።

መጋቢት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያ ዳገት ተቃጠለ። ከሰው ሁሉ ቀድመው ደርሰው እሳቱን በእርጥብ ቅርንጫፍ ሲደበድቡ የነበሩት አዴ ገለቴ ናቸው። ከቀፎዎቻቸው አንድም አልተረፈም።

በማግስቱ መሥሪያ ቤታችንና የንብ አናቢዎች ማኅበር ስብሰባ ጠሩ። አዴ ገለቴ ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሡ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። "ሰሞኑን ማር ቆርጬ ነበር። ጭሱን አፈር አልብሼ አጥፍቻለሁ፤ ግን አንዲት ፍም ሳታመልጠኝ አልቀረችም። ይቅር በሉኝ።"

ሰብሳቢው ለማዘን እንኳ ጊዜ አልወሰደም። ከንብ አናቢዎች ማኅበር ይሰረዙ፣ ደኑንም ዳግም አይርገጡ አለ። እጅ መውጣት ጀመረ። በንዴት ልነሣ ስል፣ አጠገቤ ፍቅረሥላሴን ላብ አጥምቆት አየሁ። እፍረት ሰውን እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም።

"እጃችሁን አውርዱ" አለ ቆሞ። "ጠዋት ሄጄ አይቻለሁ። እሳቱ የተነሣው ከጽዱ ሥር ነው፤ የጧፉ ሰም ድንጋዩ ላይ ቀልጦ ደርቋል። ቀፎዎቹ ጋ የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው። ካርታውን ስሠራም ጧፉን አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው አረንጓዴ የቀባሁት።"

የወጡት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ። አዴ ገለቴ ዞረው አዩት። ቁጣ ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር፤ እሳቸው ግን ያልገባቸው ነገር ያለ ይመስሉ ነበር።

"ኢልማ ኮ" አሉት፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ "ካወቅህ፣ የኔን ቀፎ ለምን ወደዚያ ላክኸው?"

"ራሴ ቀብቼ" አለ አንገቱን ሰብሮ፣ "ራሴው አመንኩት፣ አዴ።"

አዴ ገለቴ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ።