የስፓኒሽ ግስ በቅኔ ቤት ዜማ

ፍኖተ ሰላም በሚገኝ የቋንቋ ማሠልጠኛ ስፓኒሽ ማስተማር በጀመርኩበት ቀን፣ ባለቤቱ አዲሱን ፕሮጀክተር አሳየኝና «መምህር፣ በሦስት ወር ይጨርሱልኝ» አለኝ። በልጅነቴ ቅኔ ቤት ነበርኩ፤ ስፓኒሹን የተማርኩት ኩባ ነው። ባለቤቱ ኩባን በማስታወቂያው ላይ ጻፈ፣ ቅኔ ቤቱን ተወው።

የስፓኒሽ ኃላፊ ጊዜ ሰው ያስለቅሳል። ብዙው ግስ በሥርዓት ይሄዳል፤ በየቀኑ የሚፈለጉት ግን፣ እነ «አልኩ»፣ እነ «አመጣሁ»፣ ሥረ ቃላቸው ጭምር ይለወጣል። እኔ የማውቀው መድኃኒት ቅኔ ቤት እንደተማርኩት ግሱን በዜማ ማስገሰስ ነው። አንዱን ግስ አርእስት አደርግና የሚመስሉትን ሠራዊት ብዬ አስከትላለሁ። እኔ በዜማ «ዲሄ» ስል፣ «አልኩ» ማለት ነው፣ ክፍሉ ተቀብሎ «ትራሄ» ይላል፤ «አመጣሁ»።

ከሁሉ ቀድማ የያዘችው ትርንጎ ነበረች፤ የቡሬ ነርስ። ኩባ ሄዳ ለመማር ቃለ መጠይቅ ይጠብቃት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየመጣች «የኔታ፣ ዛሬስ የማንን ሠራዊት ነው የምናወርድ?» ትለኝ ነበር።

ባለቤቱ አልወደደውም።

«ይሄ ዘመናዊ ማሠልጠኛ ነው እኮ! ባጃጅ ነጂው ሁሉ ይስቅብናል።»

«ይሳቅ። ተማሪዎቹ ይማሩበታል» አልኩት።

«ያሳፍራል መምህር፣ ይተውት።»

በሩን ዘግቼ ቀጠልኩ።

በቃለ መጠይቁ ቀን ሁለት የኩባ ሐኪሞች በስክሪን ቀረቡ። ባለቤቱ ሱፉን ግጥም አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላ ነበርኩ። በሥራዋ የገጠማትን ከባድ ቀን እንድትነግራቸው ጠየቋት። ደም ስለሚፈሳት አራስ ጀመረች፤ ጥሩ ሄደች። «ከፍኖተ ሰላም ደም አመጣሁ» ልትል ስትል ቃሉ ጠፋት። ዓይኗን ጨፍና በዝግታ፣ በዜማ «ዲሄ…» አለች። አንድ ቃል ነበር የቀራት።

ባለቤቱ ክርኗን ያዛትና «ኧረ በእናትሽ አታሰድቢን!» አላት።

ዝም አለች። አሳዳጊዎቿ ትልቅ ሰው ሲቆጣ ዝም ማለት ነው ያስተማሯት። ሐኪሞቹ ትንሽ ጠብቀው፣ አመስግነው ተሰናበቱ። አላለፈችም።

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። «ምን አደረግህ አንተ?» አልኩት፤ እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምለው።

«ክብሯን ጠበቅኩላት» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር።

ብዙም ሳይቆይ ፎቶዋን ባነር ላይ አትሞ በር ላይ ሰቀለው፤ «ስፓኒሽ በሦስት ወር!» ይላል። በእጄ ቦጫጭቄ ጣልኩት። ሥራዬም በዚያው አበቃ።

ትርንጎ ዘንድሮም አመልክታለች። ቡሬ እየሄድኩ አስጠናታለሁ፤ ግቢው ሁሉ እየሰማ ትገስሳለች። ለወጣት መምህራን የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ተማሪ ቃሉን እየፈለገ ሳለ፣ በየትም በኩል ይፈልገው፣ አፉን አታስይዙት።