መሃል ላይ መቆም
ባሕር ኃይሉ ሲበተን ይዤ የተመለስኩት ሙያ ጠላቂነት ብቻ ነበር። ባሕር በሌለበት ወላይታ ሶዶ ማን ይፈልገዋል? ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን አንድ መሥሪያ ቤት አስጠራኝ። የሠፈራችን ውሃ ማጠራቀሚያ ቫልቭ ከሥሩ ተበላሽቷል፤ ውሃው ሳይደፋ ወርዶ የሚጠግነው ሰው ጠፍቷል። የእኔ ጆሮ ከተጎዳ ስለቆየ ሦስት ሠራተኞች እንዳሠለጥን ተስማማን።

ችግሩ ወለሉ ነው። ማጠራቀሚያው ሥር ለዓመታት የተኛ ቀይ ደለል አለ፤ እግር ከነካው ሠፈሩ በሙሉ ጭቃ ይጠጣል። ስለዚህ ሳይሰምጡም ሳይንሳፈፉም መሃል ላይ ቀጥ ብለው መቆም መልመድ አለባቸው።

በአንድ ሆቴል መዋኛ ጀመርን። አበሳዬን አሳዩኝ! ሁለቱ የሚያሰምጠውን የእርሳስ ቀበቷቸውን ታጥቀው ድንጋይ ሆነው ይወርዳሉ፤ ወለሉን ሲመቱ ይደነግጡና የጠላቂ ጃኬታቸውን በአየር ነፍተው ወደ ላይ ይፈናጠራሉ። «ጃኬቱን ተዉት፣ በትንፋሽ ነው!» እያልኩ ድምፄ ተዘጋ። ሰሚ የለም።

ሦስተኛው፣ ዝምተኛው ቧንቧ ሠራተኛ፣ ይብስ ነበር። መሃል ላይ ሲደርስ ይንፈራገጣል። ተናድጄ ጎትቼ አወጣሁት።

«አንተ ሰውዬ፣ መሃል መቆም ምን አስጠላህ?»

«ጋሼ፣ ባለፈው ግምገማ መሃል ሰፋሪ አሉኝ። ሁለተኛ ከተባልኩ ከሥራ እባረራለሁ።»

ባልደረቦቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ያን ጊዜ በስብሰባ ላይ ከወዲህም ከወዲያም ያልሆነ ሰው የሚሰደበው በዚህ ቃል ነበር።

እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን እንደሚዘምር ስለማውቅ፣ «ረጅሙን ዜማ ስትይዝ እንዴት ነው የምትተነፍሰው?» አልኩት።

«ቀስ ብዬ ነዋ።»

«እሱኑ አድርግ።»

ወረደ። ሲስብ ስንዝር ከፍ አለ፣ ሲለቅ ስንዝር ዝቅ፤ ከዚያ እጁን አጣጥፎ ቀጥ አለ። ከደስታዬ ብዛት ከነጫማዬ ልገባ ምንም አልቀረኝም።

ቫልቩን ለመጠገን ሳይወርዱ ሌላ ግምገማ ተጠራ። እኔም ከኋላ ተቀመጥኩ። አንዲት የመጋዘን ሠራተኛ በሌብነት ተከሰሰች፤ ማስረጃ የሚባል ነገር አልቀረበም፤ ትባረር የሚል እጁን ያውጣ ተባለ። ዝምተኛው ብቻ ሳያወጣ ቀረ።

«አንተስ? አቋምህ የታለ?» አለ ኃላፊው።

«ስትሰርቅ አላየሁም። አልሰረቀችም ልል ደግሞ እዚያ አልነበርኩም።»

ደረቱን አየሁት። ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ምነው ዛሬ እንኳን ብትንፈራገጥ! ብዬ በልቤ ጮኽኩ።

ተባረረ። ኃላፊው ቢሮ ገብቼ ያለ እሱ ሥራው እንደማይሆን ለመንኩት።

«ሁለት አሉህ አይደል? እነሱ እንኳን አቋም ያላቸው ልጆች ናቸው» አለኝ።

ሥራው በተሠራ ማግስት ፊቴን ልታጠብ ቧንቧ ስከፍት ቀይ ጭቃ ተንዶለዶለ። ባለ አቋሞቹ ወለሉ ላይ ቆመዋል ማለት ነው።