በካርቶን የተጓዘው ኬላ

ፈታሹ የካርቶኑን ክዳን ገልጦ ዝም ሲል ነው የፈራሁት።

እስከዚያ ድረስ ሲቀልድ ነበር። ከጅግጅጋ ወጥተን ካራማራ ዳገት ላይ ያለው ኬላ ስንደርስ አባዱላችን ቆመ፣ ተሳፋሪው ወረደ፣ እሱም ሻንጣ እየከፈተ አንዷን ሴትዮ «ይሄ ሁሉ ሽቶ ለማን ነው?» እያለ ሰዉን ያስቃል። የኛ ካርቶን ጋ ሲደርስ ግን አጎንብሶ አየ፣ ቀና ብሎ ዙሪያውን ቃኘ፣ እንደገና አጎንብሶ አየ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ከዚያ ዞር ብሎ አለቃውን ተጣራ።

የዚያን ጊዜ ነው ነገሩ ለኔም ብልጭ ያለልኝ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው እኮ እሱ ራሱ የቆመበት ኬላ ነው! መንገዱ ላይ የተወጠረው ገመድ አለ። ቀይና ነጭ የተቀባው በርሜል አለ። የቆርቆሮው ጥላ አለ። ከአውራ ጣት የማይበልጡ ጠመንጃ ያነገቡ ወታደሮች በርሜሉ አጠገብ ቆመዋል። ከፎም ከተሠራው ትንሽ ተራራ ጀርባ ደግሞ ሌሎች ወታደሮች በደረታቸው ተኝተው ወደ ኬላው ያነጣጥራሉ።

ጊዜው ፍተሻ የጠበቀበት ነበር። ሰው ስልኩ ውስጥ ባለ ፎቶ እንኳ ይጠየቃል። ልጄ አጠገቤ ቆማለች። «ዛሬ ልጄን ይወስዱብኛል» አልኩ በሆዴ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

እኔ ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ የሴቶች ዕቃ እሸጣለሁ። ኩቴክስ፣ ሂና፣ አምባር፣ የፀጉር ማስያዣ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ የምጽፈውም እንደማወራው ነው። ልጄ ግን ተምራ አስተማሪ ሆነች፣ ድሬዳዋ አጠገብ ሽንሌ ተመደበች። እዚያ ከየአገሩ የተመደቡ አስተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ ከበው የጦርነት ጨዋታ ይጫወታሉ። ጠረጴዛው ላይ ተራራ፣ መንገድ፣ ቤት ይሠራል። ትንንሽ ወታደሮች በሁለት ወገን ይሰለፋሉ። ርቀቱን በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካሉ፣ እንደ ሉዶ ዳይስ ይጥላሉ፣ ትልቅ ቁጥር ከወጣ መቱ ማለት ነው፣ የተመታው ወታደር ይነሳል። ከስልክ ነው የተማሩት። ውጭ አገር ወታደሩም ተራራውም ተሠርቶ ይሸጣል አሉ፤ ሽንሌ ከየት ይመጣል! ስለዚህ በእጃቸው ይሠራሉ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጄ ወደኔ መጣች። ከድንበሩ ከቶጎ ውጫሌ በሚገባው ዕቃ መሀል ለሕፃናት የሚሸጡትን አረንጓዴ የፕላስቲክ ወታደሮች አንድ ከረጢት ገዝታ ገባች።

«እማ፣ ተራራ ልሠራ ነው» አለችኝ።

«ከምን?»

«ቴሌቪዥን ታሽጎ ከሚመጣበት ነጭ ፎም።»

«ባል በምታገቢበት ዕድሜ አሻንጉሊት!» ብዬ ሳቅሁባት። እሷ ፎሙን በጋለ ቢላ መቁረጥ ጀመረች። ደረጃ በደረጃ ቆርጣ፣ አንዱን ባንዱ ላይ ለጥፋ፣ ጠርዙን ስታለሰልሰው፣ ይኸውላችሁ፣ በየቀኑ ከደጄ ሆኜ የማየው ካራማራ ቁልጭ ብሎ ወጣ! ሥራዬን ጣልኩና አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

ቀለም ልትገዛ ስትነሳ «ቤቱ ቀለም ሞልቶ ለምን ትገዢያለሽ?» አልኳት። ሱቄ ውስጥ ማንም የማይገዛው ቡናማ ኩቴክስ ነበረኝ፤ ገልብጬ ተራራው ላይ ለቀቅሁት። ፎሙ እንደ ቅቤ ቀለጠ! እሳት የለ፣ ጭስ የለ፣ ዝም ብሎ ወደ ውስጥ ሰመጠ።

«ተራራዬን!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ፊቴን አይታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጉድጓዱን ፈቅፍቃ ገደል አደረገችው።

ሕጉን ያወቅሁት ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ከደረቁ ወንዝ ያመጣነውን አሸዋ በወንፊት ነፍተን፣ ከነጭ የእንጨት ኮላ ጋር ለውሰን ፎሙን እናለብሰዋለን። ሲደርቅ የሱቄን በር ከቀባሁበት የተረፈውን ጥቁር ቀለም እንቀባለን። ጥቁር ሲሆን ደስ አይልም፣ የከሰል ክምር ይመስላል። ቀጥሎ ያለው ነው ተአምሩ! ብሩሹን ግራጫ ቀለም ትነክሩና በጨርቅ ትጠርጉታላችሁ፣ ቀለም የቀረበት እስከማይመስላችሁ ድረስ። ከዚያ ተራራው ላይ እንደ አቧራ ማራገፊያ ቀስ እያላችሁ ታሳልፉታላችሁ። የአሸዋው ጫፍ ጫፉ ብቻ ቀለም ይነካል፣ ጎድጓዳው ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። በአንድ ጊዜ ዓለት ሆነ! ፀሐይ የመታው ዓለት! «ነይ እዪ! ነይ እዪ!» ብዬ ስጮኽ ልጄ እሳት የተነሳ መስሏት እየሮጠች መጣች።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመኝ? ስፖንጅ ቆራርጬ አረንጓዴ ነክሬ፣ በሽቦ ላይ ሰክቼ አናቱ ጠፍጣፋ ግራር ሠራሁ። የመጥረጊያ ጭራሮ ከትፌ ደረቅ ሣር ተከልኩ። ወታደሮቹን ሱቅ ድረስ ይዣቸው ሄድኩ። ፕላስቲኩን ኩቴክስ አያቀልጠውም፤ በቀዩ መለዮአቸውን፣ በቡናማው ጫማቸውን ስቀባ እውላለሁ። ዓይናቸው ግን አቃተኝ። ፊታቸው ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥ፣ ብሩሹ ሲነካው ያጠለሸዋል።

ከሱቄ ጎን ሂና የምትሥል ሶማሌ ጎረቤት አለችኝ። አባዮ፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ እያለች ነው የምትጠራኝ።

«አባዮ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ዓይን።»

«የማን ዓይን?»

«የወታደር።»

«ወላሂ አበድሽ! ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀሽ ለፕላስቲክ ዓይን ታወጪያለሽ? ቢያይ ምን ሊጠቅምሽ?»

ይህን ብላ ግን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «እጅሽን ጠረጴዛው ላይ አሳርፊ። ትንፋሽሽን ያዢ። ዓይን አትሣዪ፣ ነጥብ ብቻ ጣል አድርጊ።» በክብሪት እንጨት ጫፍ ነጥብ ጣል አደረገች። ወታደሩ አየኝ! እውነቴን ነው፣ ቀጥ ብሎ አየኝ። ሁለታችንም ጮኽን። ደንበኛዬ ትታን ሄደች። ጎረቤቴ ጥቂት ወታደሮች ወደ ራሷ ሱቅ ይዛ ሄዳ ስትመልሳቸው አንዱን ጢም አውጥታለታለች፣ ጢሙን ደግሞ አገሬው ሽማግሌ እንደሚያደርገው በሂና ብርቱካንማ አድርጋዋለች። «ይሄ አጎቴ ነው፣ ጥሩ ቦታ አቁሙት» አለችን። የተራራውን መንገድም በሂና ማፍሰሻዋ የመኪና ጎማ ዱካ አወጣችለት።

የቀረው አንድ ነገር ነበር። «መንገዱ ላይ ሁለቱም ወገን የሚሻሙበት ቦታ ያስፈልጋል» አለች ልጄ። «ድልድይ፣ ወይ ቤት…»

«ኬላ!» አልኩ። እህቴ ሐረር ናት፣ ስመላለስ ያንን ኬላ እንደ ጓዳዬ አውቀዋለሁ። ከመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን በርሜሉን ሠራሁ። ከክር ገመዱን። የካርቶን የላይኛውን ወረቀት ስትልጡት ውስጡ እንደ ቆርቆሮ የተጣጠፈ ነው፤ እሱን ብር በመሰለ ኩቴክስ ቀብቼ ጥላውን። ልጄ አቀፈችኝ። «እማ፣ እንዲህ ያለ ሽንሌ ማንም አልሠራም!» አለችኝ። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ዕረፍቷ ሲያልቅ ልሸኛት አብሬያት ተነሳሁ። ወታደሮቹን እንኳ እንዳይጠፉ በቦታቸው ለጠፍናቸው። እንዳይሰበር ጨርቅ ጎዘጎዝን፣ በገመድ አሰርን፣ ረዳቱን «በላዩ ዕቃ እንዳትጭን» ብለን ለመንን። በዚያው በኬላው በኩል እንደምናልፍ ከሁለታችን አንዳችንም አላሰብንም።

አለቃው መጣ። አጠር ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ካርቶኑን ብዙ አየው።

«የማነው?»

«የኔ ነው» አልን ሁለታችንም አንድ ላይ።

የልጄን መታወቂያ ተቀበለ፣ አነበበ፣ ኪሱ ከተተው። ነፍሴ አብራ ኪሱ ገባች።

«አስተማሪ ነሽ። ይሄ ምንድነው?»

«ጨዋታ ነው።»

«የኛ ኬላ ነው።»

«አዎ፣ እሱ ነው» አለች። ልጄ መዋሸት አትችልም። እኔ እችልበት ነበር፣ ግን ቀደመችኝ።

«እነዚህ ከጀርባ ያሉትስ?»

«አጥቂዎቹ ናቸው። ኬላውን ሊይዙ የሚመጡት።»

ባለ ሽቶዋ ሴትዮ ከኛ ራቅ ብላ ቆመች። ረዳቱ ማንም ሳይጠይቀው «እኔ አላውቃቸውም፣ መንገድ ላይ ነው የጫንኳቸው» አለ።

«የኔ ጌታ፣ አይያዝም!» ብዬ ዘልዬ ገባሁ። «ኬላው አይያዝም! የናንተዎቹ ናቸው የሚያሸንፉት!»

«እማ፣ እሱን የሚወስነው ዳይሱ ነው» አለች ልጄ።

በቁንጥጫ ልገድላት ነበር።

አለቃው ካርቶኑን አስነስቶ የፍተሻው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። «ጨዋታ ነው ካላችሁ ተጫወቱ፣ ልየው» አለ። ልጄ ዳይሱንና ሜትሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ሕጉን አስረዳችው። አጥቂዎቹን አንድ አንድ አድርጋ በጥፍሯ አላቀቀቻቸው። እሱ ጥቂት አሰበና «ኬላውን እኔ እይዛለሁ። እናት፣ አንቺ ታጠቂያለሽ» አለኝ።

«እኔ? ኧረ በማርያም! ልጄ ታጥቃ!»

«እሷ ትዳኝ። አንቺ ጣዪ።»

ዳይሱን ተቀበልኩ። ልሸነፍ ብዬ ተሳልኩ። ጣልኩ፤ ስድስት! ወታደሮቹ ሥራቸውን ትተው ከበቡን። «ይቅርታ የኔ ጌታ» እያልኩ አንዱን ወታደሩን አላቅቄ አነሳሁበት። እሱ ጣለ፤ አንድ። እኔ ጣልኩ፤ ደግሞ ስድስት!

«አለቃ፣ ይሄ አጭሩ እርስዎ ነዎት!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ይሄ ባለ ቀይ ጢሙስ? በየትኛው ክፍለ ጦር ነው?» አለ ፈታሹ።

«የጎረቤቴ አጎት ነው» አልኩ። ሳቁ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ። አለቃው ግን አልሳቀም። ጠረጴዛውን ነው የሚያየው።

እግዜር ያሳያችሁ፣ መሀል ላይ ፍርሃቴን ረሳሁት። ደሜ ሞቀ። አጥቂዎቼን በገደሉ በኩል አመጣኋቸውና «አሁን ከበርሜሉ ጀርባ ያለውን!» ብዬ ጮኽኩ። ወዲያው አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ጣልኩ፤ አምስት።

«ተመታ» አልኩ በቀጭን ድምፅ።

«አልተመታም» አለ አለቃው። ቁጢጥ ብሎ ዓይኑን ከጠረጴዛው ጋር አስተካከለ። «ከዚያ ሆኖ አያየውም። ይሄ ዓለት ይጋርደዋል።»

ልጄ ከወዲያ በኩል እሷም ቁጢጥ አለች። በወታደሬ ትከሻ ላይ ሆና አየች፣ ሜትሯን ዘረጋች፣ እንደገና አየች። እኔ በዓይኔ «ስጪው፣ ስጪው» እላታለሁ፣ እሷ እኔን አታይም።

«ትክክል ነው፣ ተጋርዷል። አልተመታም» አለች። «ግን እማ ያኛውን ወታደሯን ካንቀሳቀሰች ያየዋል።»

አለቃው ቀና ብሎ ልጄን አያት። መጀመሪያ እንዳያት አይደለም።

«ለኔም ለእሷም ፈረድሽ።»

«ሕጉ ነው» አለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ክፍል ውስጥም እንዲህ ነሽ? ተማሪዎችሽ በቀላሉ አያልፉም።» ከኪሱ መታወቂያዋን አውጥቶ ሰጣት።

«ኬላውን ግን ይዛችሁ አትሄዱም» አለ። «ከዚህ በኋላ ሌላ ፍተሻ አለ። እዚያ ያለው ሰው እንደኔ ቁጭ ብሎ አይጫወትም። ተራራው ይሂድ፣ ኬላው ይቅር።»

ያን ሁሉ የለፋሁበትን! ግን ማን ይከራከራል? ቢላውን ፈታሹ ነው ያቀበላት። ልጄ መንገዱን፣ በርሜሉን፣ ጥላውን፣ ከነወታደሮቹ አንድ ላይ ቆርጣ እንደ ዳቦ አነሳችው። ወታደሮቹ ተቀብለው ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አግዳሚው ላይ አስቀመጡት፤ የትኛው ማን እንደሆነ ሲከራከሩ ትተናቸው ተሳፈርን፣ አባዱላው ተነሳ።

ረዳቱ ዞር ብሎ «ማዘር፣ ስንት ስድስት ነው የጣሉት?» አለኝ። እስከ ፋፈን ድረስ የልጄን እጅ ይዤ ነበር፣ እሷ «እማ፣ አሳመምሽኝ» ብትለኝም አለቀቅሁም። ሹፌሩ ፍሬን በነካ ቁጥር ሌላ ኬላ መስሎኝ ወደ ፊት አሰግጋለሁ። ባቢሌ ጋ እንደገና ወረድን። ፈታሹ ካርቶኑን ገልጦ «ይሄ ምንድነው?» አለ።

«ተራራ» አልኩ።

«ተራራ ምን ያደርጋል?»

«ሽንሌ ሜዳ ነው» አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ዘጋው።

ሐረር እህቴ ጋ ጎራ እንድንል ነበር ያሰብነው፣ እምቢ አልኩ። ድሬዳዋም ምሳ አልበላሁም። ሽንሌ ገብተን ልጄ የምትኖርበትን ክፍል በር ከፍታ፣ ካርቶኑን ወለሉ ላይ አስቀምጣ፣ መታወቂያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ እስክታኖር ድረስ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም። ከዚያ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩና አልጋዋ ላይ ተቀመጥኩ። ሙቀቱ ያቃጥላል። ደጅ አስተማሪ ጓደኞቿ ካርቶኑን ለማየት እየተጣሩ ነው።

«እማ፣ ልክፈትላቸው?»

«ቆይ» አልኳት። «አንዴ ልይሽ።»

አየኋት። ከላይ እስከ ታች አየኋት። ማንም አልወሰደብኝም። ደርሰናል፣ ልጄ ከጎኔ ናት፣ ደህና ነን።