የማርያም ጥላ በውጫሌ አቀበት

ደሴ፣ ጎህ ሲቀድ

የመናኸሪያው ረዳቶች «ሐይቅ! ውጫሌ! መርሳ!» እያሉ ይጣራሉ። እኔ ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ በሚኒባሱ ግራ በኩል፣ መስኮቱ ሥር ተመቻችቻለሁ። ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ጠዋት በግራ ከተቀመጠ ፀሐይ አታገኘውም። እንዲህ ያለውን ነገር አውቃለሁ፤ ፀጉሬ በጎልማሳነቴ ጥሎኝ ከሄደ ወዲህ አገር የምወደውም የምጠላውም በጥላው ነው። ይህንንም ጉዞ የጀመርኩት ከጦርነቱ የተረፉትን ዋርካዎች አይቼ ለአንባቢዎቼ ላወራ ነው። ባርኔጣዬን ግን ቤት ረስቼዋለሁ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያሉበት ጥላ ነው። ቦታ ቢለውጡን?»

ቀና አልኩ። አንዲት ሴት በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ ረጅም ነገር በብብቷ ይዛ ቆማለች። ከኋላዋ ነጠላ እስከ ዓይኗ የተከናነበች ልጅ አለች። ነጠላው ሸርተት ሲል አየኋት፤ ፀጉሯም ቅንድቧም ነጭ፣ ቆዳዋ ስስና ቀላ ያለ፣ አልቢኒዝም ያለባት ልጅ ናት። ግራ ጆሮዋ ላይ ፋሻ ተለጥፏል።

ምን ይባላል? ተነሣሁላቸው። ደሴን ለቀን ቁልቁለቱን ስንይዝ ፀሐይዋ ወጥታ መላጣዬ ላይ ተቀመጠች።

ሐይቅ፣ ረፋድ

ሐይቁ ከታች ሲታይ ተሳፋሪው ሁሉ ወሬውን ያቆማል። ስንት ጊዜ ባየውም እኔም አንገቴን ወደ መስኮቱ አሰግጋለሁ። ከተማው ውስጥ ሾፌሩ ለቁርስ አቆመ። የመጀመሪያዋ ዋርካዬ እዚህ ናት፤ ተርፋለች። ግንዷ ላይ ጥይት የፋቀው ጠባሳ አለ፤ ጥላዋ ግን ሙሉ ነው። ከሥሯ ዘሀራ የምትባል ከሳዑዲ የተመለሰች ወጣት የተጠበሰ ዓሣ ትሸጣለች። ዋጋው እንደ ሁሉ ነገር ሰማይ ወጥቷል፤ ዓሣው ግን ትኩስ ነው፣ ሚጥሚጣውም አልተሰሰተም።

ቦታ ያስለቀቀችኝ ሴት ይመኙሻል ትባላለች። የውጫሌ ሰው ናት። ልጇ ማስተዋል ናት።

«ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ?» ዘሀራ ልጅቱን ጠየቀቻት።

እናትየው መለሰች። «ቀን ቀን አትወጣም። ሲመሽ ነው የምትወጣው፣ ልጆቹ ወደ ቤት ሲገቡ።»

ዘሀራ የዓሣውን ዘይት ከእጇ ጠረገች። ከዚያ ከቦርሳዋ አንገቱ ላይ የተጨመደደ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ቱቦ አወጣች። «ወላሂ፣ ማዳሜ ልጆቿን ይህን ሳትቀባ ደጅ አታስወጣም ነበር። እኔን ግን ጣራ ላይ ልብስ ሳሰጣ የቀባኝ የለም» ብላ ሳቀች። «የቀረችኝ ይቺ ናት። ፊቷንና አንገቷን ቀቢያት። ላብ ሲያጥበው ድገሚው። አላህ ያሽራት።»

እኔ ዓይኔ ሻሹ ላይ ነው። «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» አልኩ።

«ጥላ ነው።»

«እንዴ! ጥላ ይዘሽ ነው የኔን ጥላ የምትወስጂብኝ?»

አልሳቀችም። «የኔ መች ሆነና ጋሼ። የማርያም ነው።»

ነገሩን እዚያው ነገረችኝ። በጦርነቱ ጊዜ ከውጫሌ በእግር ሲሸሹ ቀኑን ሙሉ ጥላ አላገኙም። የልጅቱ ነጠላ በግርግሩ ጠፋ። ማታ ትከሻዋ እንደ ተቀቀለ ድንች ይላጥ ነበር። «ያኔ ማርያምን ለመንኳት። ከዚህ ፀሐይ አትርፊልኝ፣ ጥላ አመጣልሻለሁ አልኩ። ተረፈችልኝ። እኔ ግን ዛሬ ነገ ስል ዘገየሁ። ይኸው ጆሮዋ ላይ የማይሽር ቁስል ወጣባት። የደሴው ሐኪም ቆርጦ አወጣው። ፀሐይ ከመታት ይመለሳል፣ ሲመለስ ደግሞ ክፉ ሆኖ ነው አለኝ።»

ውጫሌ፣ ቀትር

ሁለተኛዋ ዋርካዬ የለችም። ገበያው መሐል ጉቶዋ ብቻ ቀርቷል። «በጦርነቱ ለማገዶ ሄደች» አለኝ አንድ ጨው ነጋዴ፣ የሞተ ሰው እንደሚያረዳ ቀስ ብሎ። ሰዉ አሁንም ጉቶዋን ከቦ ነው የሚገበያየው። ጥላው በነበረበት ቦታ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል።

ይመኙሻል ስለቷን የምታስገባው ከከተማው በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ ባለች ማርያም ነው። ለምን ለግሸን አልሆነም ብላት «ግሸንማ ሰው መች ቸግሯት» አለች። ፀሐይ እስክትበርድ እንጠብቅ ብዬ ለመንኳት። አልሰማችኝም። ቁስሉ የመጣው በስለቱ መዘግየት ስለሆነ አንድ ሰዓትም አታዘገየውም። ጓዟን ተሸክሜ ተከተልኳት፤ የዋርካው ነገር በዚሁ ቀረ።

አቀበቱ

መንገዱ ግራ ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው። የባሕር ዛፍ ጥላ እንዳለም እንደሌለም ነው፤ እግር ላይ ይወድቃል፣ ራስ ላይ አይደርስም። ክሬሙ በላብ ታጠበ። ደግመን ቀባናት፤ ቱቦው አለቀ። የማስተዋል አንገት በርበሬ መሰለ። ልጅቱ አታማርርም፤ በነጠላዋ ጫፍ ጆሮዋን ይዛ ትራመዳለች። እናቷ ከፊት ከፊት ያንን ጥላ በሻሽ እንደተጠቀለለ ታቅፋ ትወጣለች።

ትዕግሥቴ አለቀ። «ዘርጊላት እንጂ!»

«ሰጥቼዋለሁ እኮ ጋሼ። የሰጠሁትን መልሼ ልጠቀምበት? ይባስ እንድትቀጣብኝ?»

«ልጅሽ እየተቃጠለች ነው።»

«እሱን እኔ አላይም?» አለችና ድምፅዋ ተሰበረ።  ጋቢዬን አውጥቼ በልጅቱ ራስ ላይ ወጥሬ ያዝኩላት፤ ክንዴ እስኪዝል።

ደብሩ

የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወይራና ጥድ ነው። ገብተን አረፍ ስንል ላቤ ቀዘቀዘ። አባ ገብሬ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ሻሹን ፈትተው ጥላውን ዘረጉት። ቀይ ከፋይ ነው፣ ዙሪያው ወርቃማ ዘርፍ። ባረኩት። ይመኙሻል መሬት ስማ ተነሣችና የዓመታት ሸክም እንደወረደለት ሰው ተነፈሰች።

አባ ገብሬ ጥላውን አጥፈው ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዱ። በሩን ሲከፍቱ አጮልቄ አየሁ። የስለት ጥላ በየግድግዳው ተደግፏል፤ ከላይ ቆርቆሮው ተበሳስቶ ሰማይ ይታያል።

«የጦርነቱ ነው» አሉኝ። «ጥላዎቹ ራሳቸው ጥላ አጡ።»

ደጃፉ ላይ ቆመው ቆዩ። ወይራው ሥር ጆሮዋን ይዛ የተቀመጠችውን ልጅ አዩ። ከዚያ ተመልሰው ጥላውን እጇ ላይ አኖሩት።

«አባቴ፣ ስለት ነው እኮ!» አለች እናትየው ደንግጣ።

«ስለትሽማ ገብቷል። የማርያም ዕቃ ነው፣ የማኖርበትም የኔ ፈንታ ነው። እዚህ ዝናብ ይመታዋል፣ ተጣጥፎ ከከረመም ብል ይበላዋል። ልጅቱ ዘንድ አደራ ይሁን።» ወደ ማስተዋል ዞሩ። «ፀሐይ ባለበት ሁሉ እየዘረጋሽ አናፍሺው። አንድ ቀን እንኳ ሳትዘረጊው እንዳትውዪ። ለእመቤታችን በዓል ይዘሽው ትመጫለሽ።»

ይመኙሻል አደራ ስትባል ተንበረከከች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም ዓይኔን ጠረግሁ፤ ላብ ነው ብል ማንም አያምነኝም።

ቁልቁለቱ

ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ማስተዋል በቀዩ ጥላ ሥር ከፊት ትሄዳለች፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። እናቷ ከጎኗ፣ ከጥላው ውጪ፣ ፀሐዩ እየመታት፣ «ወደ ጆሮሽ አዘንብዪው፣ ወደ ጆሮሽ» ትላታለች። ያ ሁሉ ፍርሃት የት እንደገባ አላውቅም።

ከተማው ጋ ስንደርስ አህያ የሚነዱ ነጭ ቆብ ያደረጉ አዛውንት ከሩቅ ጥላውን አይተው አህያቸውን ከመንገድ አወጡ። ራሳቸውም በአክብሮት ዳር ያዙ። ስንቀርባቸው ግን ቄስም ዲያቆንም የለም።

«ምነው ልጄ፣ ዛሬ ታቦት ወጣ እንዴ?» አሉ።

«ታቦት አይደለም አባባ» አለች ይመኙሻል። «ልጄ ናት የወጣችው።»