ጧፉ የጠፋበት ጉድጓድ

ጧፉን ከደረቴ ወደ ጉልበቴ ዝቅ ሳደርገው ጠፋ። ነፋስ የለም። ከአፋፉ በላይ ያለው የበቆሎ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። ደግሜ ለኮስኩት። ከደረቴ ላይ ይነዳል፣ ዝቅ ሳደርገው ግን ውሃ ውስጥ እንደነከሩት ጥፍት ይላል። ጢሱም ወደ ላይ አልወጣም፤ ጉልበቴ ላይ እንደ ስስ ነጠላ ተዘርግቶ ቀረ። ልጄ ከዚያ ጢስ በታች፣ ግንባሯን መሬት አስነክታ ትሰግድ ነበር።

ስለ ቦታው ልንገራችሁ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ፣ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ፣ ከገደል ሥር የሚንተከተክ ውሃ አለ። እሳት አይደለም የሚያፈላው፤ ቀዝቃዛ ነው፣ እንደ ለስላሳ መጠጥ አረፋ ይደፍቃል። በሄደበት ሁሉ ድንጋይ ይወልዳል። የወደቀ ቅጠል፣ ጭራሮ፣ የከብት አጥንት፣ ሁሉንም ቀስ እያለ ድንጋይ ያለብሰዋል። ልጅ ሳለሁ እናቴ የጣለችውን የቅል ስባሪ ድንጋይ ሆኖ አግኝቼው፣ ፈርቼ መልሼ ጥየዋለሁ።

እኛ የውሃ ድንጋይ እንለዋለን። ልጄ አሥረኛ ክፍል ናትና "ትራቨርቲን ነው ስሙ፣ እማየ" ትለኛለች። እኔ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ስሙ ምላሴ ላይ አይረጋም። ደግነቱን ግን አውቃለሁ። ከመሬት ሲወጣ እርጥብ ነው፣ በመጥረቢያ ይጠረባል፤ ፀሐይ ሲመታው ይጠነክራል። ሰውነቱ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነም ጭቃውን አጥብቆ ይይዛል።

የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ፈርሶ ነበርና እያንዳንዱ ቤት ድንጋይ እንዲያመጣ ተባለ። ባሌ ካረፈ ወዲህ ቤቴ ወንድ የለበትም፤ እኔና ልጄ ወጣን። ጎረቤታችን ሽማግሌው አህያቸውንና ገመዳቸውን ይዘው ተከተሉን። ሌላው ሰው ረፋድ ላይ፣ ነፋስ ሲነሳ ነው የሚመጣው። እኛ ቀድመን እንመለስ ብለን ማልደን ደረስን።

ጉድጓዱ በመቆፈር ብዛት ከሰው ቁመት አልፏል። ከአፋፉ ሆነን ስናይ ወለሉ ላይ ወፎች ወድቀዋል። ደም የለ፣ የተነቀለ ላባ የለ። የተኙ ይመስላሉ። ንቦችም ረግፈዋል።

"ጭልፊት ይሆናል" አለች ልጄ።

"ጭልፊት ገድሎ ሳይበላ ይሄዳል?" አሉ ሽማግሌው። "ይህ ቦታ ባለቤት አለው። ሰግዳችሁ ጀምሩ።"

"አያ፣ እርስዎ አይወርዱም?"

"የኔ ጉልበት ከወረደ አይወጣም። አህያየም እንደኔው ናት፣ እያት።" አህያዋ አፋፉ ላይ እግሯን ተክላ እንቢ ብላለች።

"ብልጠቱን ከእርስዎ ተምራ ነው" አለች ልጄ እየሳቀች።

"ከእኔ የተማረ ተጎድቶ አያውቅም።"

የመጀመሪያውን ድንጋይ ከመቁረጥ በፊት ጧፍ አብርቶ መስገድ ልማዳችን ነው። ወፎቹን አይቼ ፈርቻለሁ፤ ሲፈራ ደግሞ ሰው የሚያውቀውን ነው የሚያደርገው። "ስገጂ" አልኳት። እሷ ቀድማኝ ወርዳ ተደፋች፣ እኔ ጧፉን ላቆም ተከተልኩ።

ጧፉ ሲጠፋ ነው የገባኝ። ከጉልበቴ በታች የሚተነፈስ ነገር የለም። ወፎቹ ሰጥመው ነው የሞቱት። ውሃው የማይታይ ኩሬ ውስጥ ቆመናል።

"ተነሺ" አልኳት። "አትስገጂ ልጄ፣ ተነሺ።" እናት ሆኜ ይህን ቃል አወጣዋለሁ ብየ አስቤ አላውቅም።

"እማየ፣ ራሴን..." ልትነሳ እጇን ተከለች፤ ክንዷ ታጠፈና ተመልሳ ተደፋች። ፊቷ ላይ ጭንቅ የለም። እስከ ዛሬ የሚያባንነኝ እሱ ነው፤ ልክ እንደ ወፎቹ የተኛች ትመስል ነበር።

"አያ፣ ገመዱን ይጣሉልኝ።"

"ምን ነካት?"

"ይጣሉልኝ። እርስዎ እንዳይወርዱ።"

ጠበል ሲያፈሱብኝ እንደማደርገው ትንፋሼን ይዤ ጎንበስ አልኩ። ዓይኔን አቃጠለኝ። ገመዱን በብብቷ ሥር አዞርኩት። ቀና ብየ ተነፈስኩና እንደገና ጎንበስ ብየ ቋጠርኩት። ከእግሬ ሥር፣ ድንጋዩ ውስጥ፣ ውሃው ሲንተከተክ ይሰማኛል፤ ተኝቶ የሚያንኮራፋ ሰው ይመስላል። ሽማግሌው የገመዱን ጫፍ አህያዋ ላይ አስረው ነዷት። ወደ ጉድጓዱ አልጠጋም ያለችው አህያ ከጉድጓዱ ለመሸሽ ሲሆን አላስቸገረችም። እኔ ከሥር እየገፋሁ ልጄን አወጣናት፤ እኔም ተከትያት ወጣሁ።

በኋላ መምህሯ አስረዱን። ውሃው ድንጋዩን አሟሙቶ ከመሬት ሆድ ያመጣዋል። ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ይለቅቃል፣ ድንጋዩ ይቀራል። ያ ትንፋሽ ከአየር ስለሚከብድ፣ ነፋስ ካልጠረገው ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ያን ጠዋት ይህን የሚነግረን አልነበረም።

ሽማግሌውና እኔ ደግፈናት ዳገቱን ወጣን። ጫፉ ላይ ነፋስ ተቀበለን። አስታወከች፤ ቀስ እያለ ከንፈሯ ቀላ።

"እማየ፣ ድንጋዩስ?" አለችኝ።

"ይቅር።"

ከመቀነቴ የተረፈውን ጧፍ አውጥቼ ለኮስኩ። በእጄ ከልየ ዝቅ፣ ዝቅ አደረግኩት፣ ሣሩን ሊነካ እስኪል ድረስ። አልጠፋም። ያን ጊዜ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"ነፋሱ ጋ ደርሰናል" አልኳት። "ደህና ነን።"