እንኪ «አልሰጥም» ያለች ዕለት

እንኪ የሚለውን ስም ያወጣችላት እናቷ አይደለችም። ያወጡላት የልብስ ስፌት ቤቱ ሴቶች ናቸው፤ ሰው ገና «እባክሽ…» ሲል እሷ «እንኪ!» ብላ ጨርሳለችና። በዝናብ ዣንጥላዋን አውሳ ልብሷ ገላዋ ላይ እንደ ሙጫ ተጣብቆ ቤቷ የምትገባ፣ ወንበሯን ለእንግዳ ለቃ ራሷ እንግዳ መስላ በር ላይ የምትቆም ሴት ናት። የአውቶቡስ ሹፌር የሆነው ባሏ፣ «አንድ ቀን እኔንም ታውሺኛለሽ» ሲላት፣ «ማን ይወስድሃል ብለህ ነው?» ትለዋለች።

ሥራዋ የውድ ኮትና የሙሽራ ልብስ የቁልፍ ቀዳዳ በእጅ መስፋት ነው። ደረጃ ወጥቶ ባለው ጠባብ ክፍል አራት ሴቶች በአራቱ ጥግ ይቀመጣሉ፤ መካከሉን የጨርቅ ክምር ስለያዘው ማንም ከወንበሩ አይነሣም። የተፈለገው ነገር ይጠራል፣ ይወረወራል። «ሜትር!» ሲባል ሜትሩ በአየር ላይ እንደ እባብ ይበራል። «ጠመኔ!» ሲባል ጠመኔው የአንዷን ግንባር ሳይመታ አያርፍም። በዚያ ክፍል «ይኼ የኔ ነው» ማለት ከስድብ ይቆጠራል።

አንድ ጠዋት እንኪ ስትነቃ ግራ ዓይኗ በዓይናር ተጣብቆ አልከፈት አለ። በግድ ሲከፈት ቲማቲም! ባሏ «ሐኪም ቤት እንሂድ» ቢላት፣ «ለዚህ?» ብላ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ባለፈው ዓመት እሱ ጆሮውን ታሞ ያስተረፈው ጠብታ ተቀምጧል። ብልቃጡ ትንሽ፣ ጫፉ ሹል፣ ከዓይን ጠብታ በምን ይለያል?

«ዓይንና ጆሮ እኮ ጎረቤታሞች ናቸው» አለችና አንጋጣ ጠብ አደረገች።

ወይ ጉርብትና! እሳት ነው የገባባት። ክፍሉን እየዞረች ጨፈረች ቢባል ይቀላል። ባሏ ጭንቅላቷን ከቧንቧው ሥር ወሽቆ ዓይኗን በውሃ እያጠበ፣ «የጆሮ ነው እኮ፣ አንቺ ሴትዮ! ዓይንሽ ሊሰማበት ነው?» ይላል።

ክሊኒክ የተቀበለቻቸው ፀጉሯ የሸበተ የዓይን ነርስ ናት። ብልቃጡን አገላብጣ አየችው።

«የጆሮ ጠብታ ዓይን ውስጥ አይገባም፣ ልጄ። ይኼ ደግሞ ከተከፈተ ዓመቱ፤ ለጆሮውም ቢሆን አይመለስ። መድኃኒት ቤት ስጡትና ያስወግዱት።» ከዚያ ዓይኗን በመብራት ስታይ ፊቷ ኮስተር አለ። «ኢንፌክሽን አለ፤ የዓይንሽ ጥቁሩ ክፍልም ተቆጥቷል። ካልተጠነቀቅሽ ጠባሳ ይተውበታል። ሥራሽ ምንድን ነው?»

«የቁልፍ ቀዳዳ እሰፋለሁ፣ ሲስተር።»

«እንግዲያውስ ይህን ዓይን ትፈልጊዋለሽ።»

ነርሷ የክሊኒኩ ሐኪም አይቷት ያዘዘላትን የአንቲባዮቲክ ጠብታ ይዛ አሳየቻት። መጀመሪያ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ከዚያ አንጋጦ የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ ማድረግ ነው፤ ኪስ ይሠራል።

«ኪስማ ዕድሜ ልኬን ስሰፋ የኖርኩት አይደል!»

«እዚያ ኪስ ውስጥ አንዲት ጠብታ። የብልቃጡ ጫፍ ዓይንሽንም፣ ሽፋሽፍትሽንም፣ ጣትሽንም አይንካ፤ የነካውን ጀርም ይዞ ይገባል። ጨፍኚና በአፍንጫሽ በኩል ያለውን ጥግ በጣትሽ ጫን አድርገሽ ቆዪ። ቅላቱ ቢጠፋም የታዘዘልሽን ሳትጨርሺ አታቋርጪ። ለማንም ደግሞ አታውሺ።»

የመጨረሻዋን ሲሰማ ባሏ ሳቀ። ነርሷ አልሳቀችም።

እንኪ ዓይናሩ እስኪደርቅ ቤቷ ቆይታ ሥራ ስትመለስ፣ ጨርቅ የምትቆርጠው ጓደኛዋ አንድ ዓይኗን እያሸች ጠበቀቻት። ቆራጯ የክፍሉ ሬዲዮ ናት፤ ያልሰማችውን ወሬ እንኳ ታወራለች።

«እንኪ! ያቺን ጠብታሽን ወርውሪያት፤ ዓይኔ ሊፈርጥ ነው!»

የእንኪ እጅ ሳታዘው ኪሷ ገባ። አፏም «እን…» ብሎ ጀምሮ ቆመ።

«አልሰጥም።»

የስፌት መኪናው እንኳ መርፌውን ሰቅሎ የቀረ መሰለ።

«ምን አልሽ?»

«አልሰጥም። ነርሷ ከልክላኛለች።»

«ነርሷ እናትሽ ናት? በአንድ ማበጠሪያ አበጥረን፣ በአንድ ብርጭቆ ጠጥተን፣ ዛሬ አንዲት ጠብታ! አንቺ ዓይን አውጣ!»

«ዓይኔ እንዳይወጣ እኮ ነው!»

ካውያ ያዥዋ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ቆራጯ ግን አኮረፈች። ቆርጣ የጨረሰችውን ኮት ሳታይ ወረወረችው፤ እንኪ አናት ላይ አረፈ። እንኪ ከኮቱ ሥር ሆና እንባዋ መጣ፤ እንባው ጠብታውን ያጥብብኛል ብላ መልሳ ዋጠችው። ከዚያም አሰበች። ሳላስነካ ባደርግላትስ? አንዲት ጠብታ ምን አላት? እጇን እንደገና ኪሷ ከትታ፣ በሌላው መርፌዋን አንሥታ ወደ መስኮቱ አቀናችው። በግራ ዓይኗ ስታየው የመርፌው ቀዳዳ አሁንም ጭጋግ ነው።

እጇን ባዶውን አወጣች። ቀጥላም በዚያ ክፍል ያልታየ ነገር አደረገች፤ ከወንበሯ ተነሣችና የጨርቁን ክምር እየረገጠች ቆራጯ ፊት ቆመች።

«ተነሺ፣ ነርሷ ጋ እንሂድ። ብልቃጡን አላውስሽም፤ እኔ ግን አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«በእግሬ?»

«ልወርውርሽ?»

ቆራጯ ሳቋ ቀደማትና ተነሣች።

ነርሷ የላይኛውን የዓይን ቆብ ገልበጥ ብታደርገው ነጭ የክር ብናኝ ተለጥፎበታል። አጥባ አወጣችው።

«ጠብታ የለም?» አለች ቆራጯ ቅር ብሏት።

«ምን ያደርግልሻል? ኢንፌክሽን የለብሽም። የጓደኛሽን ብታደርጊ ኖሮ ክሩን ውሃ ባጠጣሽው፤ ትርፉ የእሷን በሽታ መካፈል ነው።»

«ታዲያ ባዶ እጄን ልመለስ?»

ባዶ እጇን አልተመለሰችም፤ ወሬ ይዛ ነው። ማታ ወደየቤታቸው ሲበተኑ ያቺ ብናኝ ገመድ ሆናለች። ከዚያ ወዲያም ቆራጯ የጠብታው ዘበኛ ሆነች፤ ሰዓቱ ሲደርስ «እጅሽን ታጠቢ! ኧረ ጫፉን አታስነኪው!» የሚለው ጩኸቷ ታች መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ቅላቱ ጠፍቶ እንኪ «ዳንኩ፣ ይብቃኝ» ስትል ያልተወቻት እሷ ናት።

ጠብታው በታዘዘው መሠረት ሲያልቅ እንኪ ከባሏ ጋር ለምርመራ ሄደች። ነርሷ የፊደል ሰሌዳው ፊት አስቀመጠቻትና፣ «ቀኝሽን ሸፍኚ። የመጨረሻውን ረድፍ አንብቢ» አለቻት።

እንኪ ትንፋሿን ይዛ አንድ በአንድ አነበበች። አንዱንም አልሳተችም።

«ጠባሳ የለም» አለች ነርሷ።

ባሏ ከኋላ አንገቱን አስግጎ ዓይኑን እያጠበበ፣ «የቱን ነው ያነበበችው? እዚያ ታች ጽሑፍ አለ እንዴ?» አለ።

ነርሷ ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች።

«ሹፌር ነኝ ያልከኝ አንተ አይደለህም? ና፣ ተቀመጥ።»