ቀይ የተቀቡት ድንጋዮች

ሥራዬ የመሬት ስንጥቅ መፈለግ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ እላለሁ፤ አብዛኛው ወሬ ይቀይራል። ስንጥቁ ተኝቶ ይቅር ወይም አንድ ቀን ይንቃ የሚያውቅ የለም። የእኔ ድርሻ የት እንዳለ ካርታ ላይ ማስፈር ነው፣ ሰው ከላዩ ቤት እንዳይሠራበት።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ከዋናው መንገድ ገባ ባለ ቀበሌ፣ ምንጮች በአንድ መስመር ተሰልፈው አገኘሁ። ውሃ እንዲህ የሚሰለፈው ከሥር ስንጥቅ ሲኖር ነው። ወሩ ጥር ነበር። መስመሩን ተከትዬ በየሃምሳ እርምጃው ድንጋይ ላይ ቀይ ቀለም ቀባሁ። አብሮኝ የሚዞረው ሚሊሻ "ለሰዉ ምንነቱን ብንነግረው አይሻልም?" አለኝ። ሰው ሰብስቦ ማስረዳት ግማሽ ቀን ይበላል። "ስመለስ" አልኩት። ትዕግሥት አልፈጠረብኝም።

ክረምት ሳይገባ ስመለስ ከመስመሩ ግራና ቀኝ የቤት ቋሚ ተተክሏል። አንዱ ቤት እንዲያውም ቆርቆሮ ለብሷል። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ዳገቱ ላይ የነበረውን ሣር ቤታቸውን አፍርሰው፣ ጥማድ በሬያቸውን ሸጠው፣ መንደሩን ለደቦ ጠርተው ሠሩት። እኛ አገር ቀይ ቀለም ማለት መንገድ ሊወጣ ነው። መንገድ ዳር የያዘ ደግሞ ሱቅ ይከፍታል።

ሲያዩኝ ተነሡ። "መንገዱን ያመጣሽልን ልጅ፣ ነይ ግቢ" ብለው መደቡ ላይ አስቀመጡኝ።

"አባባ፣ መንገድ አይደለም" አልኳቸው። "ከዚህ ሥር መሬቱ ተሰንጥቋል። ቤት እንዳይሠራበት ብዬ ነው የቀባሁት።"

ምርጉ ያልደረቀውን ግድግዳ አዩ። "የቀባሽ ለት እኔ እዚያች አውድማ ላይ ጤፍ ስወቃ አልነበር? እንዴት ዋሉ ብለሽኝ አለፍሽ።"

አፈርኩ። እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

"ይነቃል?" አሉኝ።

"አላውቅም።"

"እንግዲህ እንደተኛ ያቆየው። የምመለስበት ቤትም፣ የምሸጠው በሬም የለኝ" አሉና ጠላ አስቀዱልኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉን ሰብስቤ አስረዳሁ። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። ቋሚ ብቻ የተከሉት ነቅለው ወሰዱ። ሚሊሻው "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለ።

ካርታው ሲሠራ መስመሩ ላይ ያለ ቤት ሁሉ በጥቁር ነጥብ ምልክት ሊደረግበት ይገባል። ነጥቡ አንድ ብቻ ነው፤ በእጄ አስገባሁት። በጥር እዚያ ላይ ቤት አልነበረም።